«ስንት ሰው ቀረው?»፦ የተሽከርካሪ መጠንና የተሳፋሪ የመጠበቂያ ጊዜ

ከሆሳዕና መናኸሪያ ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሾኔ ወይም ወደ ዶዮገና የሚሄድ ተሳፋሪ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «በስንት ሰዓት ይነሳል?» ብሎ ሳይሆን «ስንት ሰው ቀረው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሲሞላ ብቻ የሚነሳ ተሽከርካሪ ሰዓቱ ወንበሩ ነውና። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄው የያዘውን ሳይንሳዊ ቁም ነገር፣ ቀጥሎም ስለ ባቡር ርዝመት የሚያስተምረንን እንመለከታለን።

መጠንና ጊዜ

ወደ አንድ መስመር የሚሄዱ ሰዎች በአማካይ በየ3 ደቂቃው አንድ አንድ እየሆኑ ይመጣሉ እንበል። ተሽከርካሪው 12 ሰው የሚይዝ ሚኒባስ ከሆነ፣ መጀመሪያ የገባው ሰው ሌሎች 11 ሰዎችን ስለሚጠብቅ 33 ደቂቃ ይቀመጣል፤ መጨረሻ የገባው ግን ወዲያው ይጓዛል። የሁሉም አማካይ 16.5 ደቂቃ ነው። በምትኩ 24 ሰው የሚይዝ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ቢቀርብ አማካዩ ወደ 34.5 ደቂቃ ያድጋል። በ10 ሰዓት የሥራ ጊዜ 200 ያህል ሰዎች ስለሚመጡ፣ በመጠበቅ የሚያልፈው ጠቅላላ ጊዜ በሚኒባስ 55 ሰዓት፣ በቅጥቅጥ ደግሞ 115 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ትልቁ ተሽከርካሪ ለአንድ ሰው የሚውለውን ነዳጅ ሊቀንስ ይችላል፤ የቁጠባው ዋጋ ግን ከተሳፋሪው ጊዜ ይከፈላል።

የመረጃ ዋጋ

ተሳፋሪዎች እንደ ሰዓት ቆጣሪ በእኩል ልዩነት አይመጡም። አመጣጣቸው ሬዲዮአክቲቭ አቶሞች ከሚፈራርሱበት ሁኔታ ጋር ይመሳሰላል፤ አማካዩ ይታወቃል፣ የእያንዳንዱ ቅጽበት ግን አይታወቅም። ባዶ የቀሩት ወንበሮች 9 ከሆኑ የሚጠበቀው ጊዜ 27 ደቂቃ ሲሆን፣ መዋዠቁ የ9 ካሬ ሥር በ3 ተባዝቶ 9 ደቂቃ ነው፤ ይህም የአማካዩ አንድ ሦስተኛ ነው። አንድ ወንበር ብቻ ሲቀር አማካዩ 3 ደቂቃ፣ መዋዠቁም 3 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ «አንድ ሰው ብቻ!» የሚለው የረዳቱ ጥሪ እውነት በሚሆንበት ጊዜ እንኳ፣ ከአማካዩ አንጻር ሲታይ እርግጠኝነቱ ዝቅተኛ ነው። እውነት ካልሆነ ደግሞ ተሳፋሪው ጥሪውን ማመን ትቶ በመስኮት አጮልቆ ወንበር ወደ መቁጠር ይሄዳል።

አስተማማኝ መረጃ ሁለት ቁጥሮችን ይፈልጋል፦ የቀሩትን ወንበሮችና ባለፈው ግማሽ ሰዓት የመጡትን ሰዎች ብዛት። መረጃው መኪናውን ቶሎ አያስሞላውም። ሆኖም በሽተኛ ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ ሰው ኮንትራት ይያዝ ወይስ ይጠብቅ የሚለውን በእውቀት እንዲወስን ያስችለዋል፤ ለፈተና የሚጓዝ ተማሪም ከቤቱ መቼ መነሳት እንዳለበት ይገምታል።

ወደ ባቡር ስንመጣ

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የመሰለ አገልግሎት ሞላ አልሞላ ሳይል ይነሳል። የርዝመት ጥያቄ ግን እዚህም አይቀርም። በየ10 ደቂቃው የሚመጡ ባቡሮች ሁለት ሁለት እየሆኑ ቢቀጣጠሉ፣ የወንበሩ ብዛት ሳይለወጥ ልዩነቱ 20 ደቂቃ ይሆናል፤ አማካይ የመጠበቂያ ጊዜም ከ5 ወደ 10 ደቂቃ ያድጋል።

ሌላም ችግር አለ። 60 ሜትር በሆነ መሳፈሪያ ላይ ሰዎች ተበታትነው ሳለ 30 ሜትር የሆነ ባቡር መጥቶ በአንዱ ጫፍ ቢቆም፣ በሌላው ጫፍ ያለው ሰው 30 ሜትር መሄድ አለበት። በሴኮንድ 1.2 ሜትር ቢራመድ 25 ሴኮንድ ይወስድበታል። ለአረጋዊና ልጅ ላዘለች እናት ጊዜው ከዚህ ይረዝማል። ባቡሩ ቢጠብቅ ይዘገያል፤ ባይጠብቅ ሰው ይቀራል። በጃፓን በሮቹ የሚቆሙበት ቦታ በወለሉ ላይ የሚሰመረው፣ በጀርመንም የፉርጎዎቹ አቀማመጥ በሰሌዳ የሚገለጸው ተሳፋሪው አስቀድሞ በትክክለኛው ቦታ እንዲቆም ነው።

በሐዲያና በከምባታ ከተሞች መናኸሪያዎች ይህን ለመጀመር የተራቀቀ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና ቁጥሩን በታማኝነት የሚጽፍ ተራ አስከባሪ ይበቃሉ። ተማሪዎችም በበኩላቸው ሰዓትና ደብተር ይዘው፣ በአንድ የገበያ ቀንና በአንድ ተራ ቀን ተሳፋሪዎች የሚመጡበትን ልዩነት ይመዝግቡ። አማካዩንና መዋዠቁን አስልተው ከላይ ካየነው ስሌት ጋር ቢያነጻጽሩ፣ ስሌቱ የት እንደሚሠራና የት እንደሚከሽፍ ራሳቸው ይደርሱበታል፤ ለምሳሌ ቤተሰብ ተሰባስቦ ሲመጣ የ«አንድ አንድ» ግምታችን ወዲያው ይፈርሳል።