የፎቶ መብራት ለመግዛት ከመበደርህ በፊት

«ቤቴ ውስጥ ፎቶ እያነሳሁ ልኑር ብዬ ነበር፤ የመብራቱን ዋጋ ስሰማ ግን ተስፋ ቆረጥኩ» አለን አንድ ወጣት። በኪራይ ክፍል ነው የሚኖረው፤ ለሁለት መብራት ሲል ዕዳ ሊገባም ዳር ዳር ይላል። ወንድማችን፣ እስቲ ቆይ! መጀመሪያ መስኮትህን ተጠቀምበት።

ብዙዎች ደንበኛውን ከጣሪያው አምፖል ሥር ያስቀምጡታል። ብርሃን ከአናት ሲወርድ ዓይን ጉድጓድ ይገባል፤ የሃያ ዓመቷ ልጅ አክስቷን መስላ ቁጭ ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብርሃኑ ምንጭ ሰፊና ቅርብ ከሆነ ጥላው ይለሰልሳል፤ ትንሽና ሩቅ ከሆነ ይጠነክራል። ስለዚህ ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት መስኮት ላይ ንጹሕ ነጭ ነጠላ ጋርዱ። ፀሐይ የማይመታው መስኮት ከሆነ እሱም አያስፈልግም። ፎቶ የሚነሳውን ሰው ከመስኮቱ 1 ሜትር ያህል አርቃችሁ ፊቱን ወደ ብርሃኑ ገደድ አድርጉት፤ በጨለመው ጉንጭ በኩል ነጭ ካርቶን አቁሙ። ካርቶኑን ጠጋ፣ ራቅ እያደረጋችሁ ጥላውን እዩት፤ ሙያው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ማታስ? የጠረጴዛ መብራቱን ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሩና ነጥሮ የሚመለሰውን ተጠቀሙ። ርቀት ግን ቀልድ አይደለም፤ ከአንድ አምፖል 1 ሜትር ላይ የነበረ ሰው ወደ 2 ሜትር ቢሸሽ የሚደርሰው ብርሃን ሩቡ ብቻ ነው። ደግሞ ነጠላውን አምፖል ላይ ጣል እንዳታደርጉ! የሚግል አምፖል ጨርቅ ያቃጥላል።

በቀን ስትሠሩ የቤቱን ቢጫ መብራት አጥፉት፤ አለዚያ ግማሹ ፊት ሰማያዊ፣ ግማሹ ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል።