የወርቃማው ፀምር ማኅበርና ስመ ጥር አባላቱ

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች «የክብር ማኅበር» የሚባለው፣ ነባር አባላት የተማሪዎችን ሥራና ጠባይ መርምረው በጥሪ የሚቀበሉበት ስብስብ ሲሆን፣ በጥቅሉ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው፣ በ1776 በቨርጂኒያ በዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ እንደ ተመሠረተው ፋይ ቤታ ካፓ፣ በትምህርት ውጤት የላቁትን የሚያከብር ነው፤ ሁለተኛው ተማሪው ከመማሪያ ክፍል ውጭ ለግቢው ማኅበረሰብ የሰጠውን አመራር የሚመዝን ነው። ከሁለተኛው ወገን ኦሚክሮን ዴልታ ካፓ በ1914 ተመሥርቶ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ቅርንጫፍ ሲያፈራ፣ በዕድሜ ዐሥር ዓመት የሚቀድመው የወርቃማው ፀምር ማኅበር ግን ከተወለደበት ከሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የቻፕል ሂል ግቢ ሳይወጣ ኖሯል፤ በዚህም ምክንያት ከግዛቱ ውጭ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ዝናው ይነስ እንጂ የአባላቱ መዝገብ አንድ ዩኒቨርሲቲ በየዘመኑ ማንን መሪ ብሎ እንደ ቆጠረ የሚያሳይ ሰነድ ነውና፣ እስከ ዛሬ ከተሰጠው የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ማኅበሩ በ1904 ሲመሠረት የቻፕል ሂል ተማሪዎች በሁለት ጎራ ተከፍለው ነበር። በአንድ በኩል ፍራተርኒቲ በሚባሉት፣ የራሳቸው ቤትና ሥርዐት ባላቸው የወንድማማችነት ክበቦች የታቀፉት፣ በሌላ በኩል ከእነዚህ ክበቦች ውጭ የቀሩት ተማሪዎች ቆመው በግቢው ሹመቶች ይፎካከሩና እርስ በርስ ይጠራጠሩ ነበር። የፍልስፍና መምህሩ ሆራስ ዊልያምስና በዚያን ጊዜ ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር የነበሩት ኤድዋርድ ኪደር ግራም እጃቸው ባለበት በዚህ ምሥረታ የታሰበው፣ ከሁለቱም ጎራ የተመረጡ ጥቂት መሪዎችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ ስለ ዩኒቨርሲቲው የጋራ ጉዳይ እንዲመክሩ ማድረግ ነበር። ስያሜው የተወሰደው ያሶን የተባለው ጀግና ከባልንጀሮቹ ጋር አርጎ በተባለች መርከብ ተሳፍሮ የወርቅ ፀምር፣ ማለትም የወርቅ የበግ ጠጉር፣ ፍለጋ ከሄደበት የግሪክ ተረት ሲሆን፣ በዚሁ መሠረት አባላቱ «አርጎናውት»፣ አለቃቸውም «ያሶን» ይባላሉ።

ምርጫው የሚታወጅበት ሥርዐት በግቢው ዘንድ በሰፊው የታወቀ ነበር። ለረጅም ዓመታት ሕዝብ በተሰበሰበበት አዳራሽ ፊታቸውን በቆብ የሸፈኑና ካባ የለበሱ ረጃጅም ሰዎች መብራቱ ደብዝዞ ሳለ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ በወንበሮቹ መካከል ይመላለሱ ነበር፤ የተመረጠውን ሲያገኙም ትከሻውን በብርቱ መትተው ያስነሡት ነበር። ይህን ትዕይንት ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ማኅበሩን ምስጢራዊ ብለው ይጠሩታል፤ አጠራሩ ግን ልክ አይደለም። በምስጢር የሚያዘው ምክክሩና ድምፅ አሰጣጡ ሲሆን፣ የተመረጡት ሰዎች ስም ለሁሉም ይገለጻል፤ በተማሪዎቹ ጋዜጣም ሲታተም ኖሯል። በዚያው ከተማ በጫካ መካከል የድንጋይ ግንብ ያለው፣ በ1889 የተመሠረተው ጊምጉል የተባለ ማኅበር ሌላ ነው፤ ሁለቱን እያምታቱ መጻፍ ለሁለቱም ታሪክ ደንታ ቢስ መሆን ነው።

ከዚህ የሚብሰው ስሕተት ግን ስመ ጥር አባላትን በሚዘረዝሩ ጽሑፎች ላይ የሚታየው ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር የሚያዘጋጁ ሰዎች ገዥውን፣ ደራሲውን፣ ጠበቃውንና ፕሮፌሰሩን በፊደል ተራ ደርድረው፣ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ሰውየው በኋላ የደረሰበትን ሹመት ብቻ ይጽፋሉ፤ በስንተኛው ዓመት፣ በምን ሁኔታ፣ በማን ድምፅ እንደ ተመረጠ ግን አይናገሩም። አንባቢውም ማኅበሩ ታላላቅ ሰዎችን የሚያመርት ተቋም ነው፣ ወይም ታላላቅ ሰዎች እርስ በርስ የሚሸላለሙበት ክበብ ነው ከሚል መደምደሚያ ይደርሳል። ሁለቱም መደምደሚያዎች የሚመነጩት፣ በጠባያቸው የተለያዩ ሁለት ዐይነት አባልነቶችን እንደ አንድ ከመቁጠር ነው።

ብዙ የክብር ማኅበራት፣ የወርቃማው ፀምር ማኅበርም ጭምር፣ ከተማሪዎች በተጨማሪ መምህራንን፣ ሠራተኞችንና ቀደም ሲል የተመረቁ ሰዎችን ይቀበላሉ። ሥራው ታይቶለት፣ ዕድሜው ገፍቶ የሚመረጥ ሰው የሚያገኘው ምስጋና ነው፤ ምስጋናውም ተገቢ ነው፤ መራጮቹ ግን የደፈሩት ነገር የለም፣ አዝመራው ከታጨደ በኋላ ማሳውን ማመስገን ማንንም አያሳስትምና። የሃያ ዓመት ወጣት ገና ምንም ሳይሆን ሲመረጥ ግን፣ መራጮቹ ከፊታቸው ያለው የተማሪ ሥራ ብቻ ነው፤ ያስተካከለው ጋዜጣ፣ የመራው የክፍል ስብሰባ፣ የዳኘው ጠብ፣ የተሟገተበት መድረክ። በዚህ ላይ ተመሥርተው የሚሰጡት ፍርድ ትክክል ሊሆንም ሊሳሳትም ይችላል፤ ዋጋ ያለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ስመ ጥር አባላትን ማጥናት የሚፈልግ ሰው መጀመር ያለበት ከኋለኛው ዝና ሳይሆን ከተመረጡበት ቀን ነው።

በዚህ ዐይን ሲታይ፣ በ1909 የተመረቁት ፍራንክ ፖርተር ግራም ጥሩ ምሳሌ ናቸው። የኤድዋርድ ኪደር ግራም ዘመድ የነበሩት ፍራንክ ግራም በተማሪነታቸው የክፍላቸው ፕሬዚዳንትና ታር ሂል የተባለው የተማሪዎች ጋዜጣ አዘጋጅ ነበሩ፤ አርጎናውት ያደረጋቸውም ይኸው ነው። ዩኒቨርሲቲውን ከ1930 እስከ 1949 የመሩት፣ በፕሬዚዳንት ትሩማን የሲቪል መብቶች ኮሚቴ ውስጥ የሠሩት፣ ሴናተር ሆነው በ1950 ምርጫ የዘር ፍርሃትን በቀሰቀሰ ዘመቻ የተሸነፉት፣ ከዚያም በተባበሩት መንግሥታት በኩል በሕንድና በፓኪስታን መካከል የካሽሚርን ጉዳይ ለመሸምገል የደከሙት ሁሉ በኋላ የመጣ ነው።

ደራሲው ቶማስ ዉልፍም እንደዚሁ ናቸው። በ15 ዓመታቸው ቻፕል ሂል ገብተው፣ ታር ሂልን አዘጋጅተው፣ በግቢው የቴአትር ቡድን የራሳቸውን ተውኔት ተጫውተው በ1920 ሲመረቁ አርጎናውት ነበሩ፤ የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለዳቸው የታተመው ግን በ1929 ነው። በዚያ ልብ ወለድ ውስጥ ቨርጂል ዌልደን የተባለው የፍልስፍና መምህር የተቀረጸው በማኅበሩ ምሥረታ በተሳተፉት በሆራስ ዊልያምስ አምሳል ነው፤ ስለዚህ የማኅበሩን የመጀመሪያ ዘመን መንፈስ መረዳት የሚሻ ሰው ከቃለ ጉባኤ ይልቅ በዚያ መጽሐፍ ይጠቀማል።

ከሁሉ በላይ ግን የመዝገቡን ምንነት የሚገልጠው የጁሊየስ ቼምበርስ ምርጫ ነው። በ1936 በሰሜን ካሮላይና በማውንት ጊልያድ የተወለዱት ቼምበርስ የመካኒክ ልጅ ነበሩ። የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ አንድ ነጭ ደንበኛ አባታቸው የጠገኑለትን የጭነት መኪና ዋጋ አልከፍልም ባለ ጊዜ፣ ጉዳዩን የሚይዝ ጠበቃ በአካባቢው በመጥፋቱ ሕግ ለማጥናት ወሰኑ። በደርሃም ለጥቁር ተማሪዎች በተቋቋመው ኮሌጅ፣ ከዚያም በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ ወደ ቻፕል ሂል የሕግ ትምህርት ቤት ገቡ። ይህ ትምህርት ቤት ለጥቁር ተማሪዎች በሩን የከፈተው በ1951፣ ያውም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተገዶ ነበር። ቼምበርስ በዚያ የሕግ መጽሔት ዋና አዘጋጅ ሆነው የተመረጡ የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ ሆኑ፤ በ1962 100 ተማሪዎች ከነበሩበት ክፍል አንደኛ ወጥተው ተመረቁ፤ የወርቃማው ፀምር ማኅበርም የመጀመሪያ ጥቁር አባሉ አድርጎ ተቀበላቸው። ያም ሆኖ የትምህርት ቤቱ የዓመት መጨረሻ ግብዣ የተደረገው ጥቁር በማይገባበት የመዝናኛ ክበብ ስለ ነበር፣ የክፍሉ አንደኛ ከግብዣው ተከለከሉ።

እነዚህ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን መነበብ ይኖርባቸዋል። በአንድ ዘመን፣ በአንድ ግቢ፣ ጥቂት ተማሪዎችና መምህራን ቼምበርስን ከመሪዎቻቸው አንዱ ናቸው ሲሉ፣ የዚያው ግቢ ሰዎች ግብዣቸውን እሳቸው ሊቀመጡ በማይችሉበት ቤት ያደርጉ ነበር። መራጮቹ የሚያውቁት ብርቱ ተማሪን ነው እንጂ፣ በኋላ የሚመጣውን አላዩም። ቼምበርስ በ1964 በቻርሎት ከተማ የጥብቅና ቢሮ እንደሚከፍቱ፣ ቢሮውም ጥቁርና ነጭ ጠበቆች በእኩልነት የሚሠሩበት በግዛቱ የመጀመሪያው እንደሚሆን፣ በ1965 መኪናቸውና ቤታቸው በቦምብ እንደሚመቱ፣ በ1971 ቢሮአቸው በእሳት እንደሚጋይ ማንም አያውቅም ነበር። በ1970 ቼምበርስ፣ የቻርሎት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን በዘር ለይተው በማስቀመጥ በተከሰሱበት በስዋን ጉዳይ በዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርበው ተከራከሩ፤ ፍርድ ቤቱም በ1971 ልጆችን በአውቶቡስ ከሠፈር ሠፈር ማመላለስ የተፈቀደ መፍትሔ መሆኑን በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ቼምበርስ ከ1984 እስከ 1993 በኒው ዮርክ የሲቪል መብት ጉዳዮችን የሚይዘውን የሕግ መከላከያ ፈንድ መሩ፤ ከዚያም የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያገኙበትን የደርሃሙን ዩኒቨርሲቲ እስከ 2001 አስተዳድረው በ2013 ዐረፉ። ስማቸውን ከዚህ ሁሉ በኋላ ብቻ በዝርዝር ውስጥ የሚያገኝ አንባቢ፣ ማኅበሩ አንድ ታዋቂ ጠበቃን ያከበረ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ማኅበሩ ያከበረው ገና ደንበኛ የሌለውን ተማሪ ነበር።

ይህም ማኅበሩን ከነቀፌታ ነፃ አያወጣውም። ከ1904 ጀምሮ እስከ ቼምበርስ ድረስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በመዝገቡ አንድም ጥቁር ሰው አልነበረም። ማኅበሩ የሚመርጠው ዩኒቨርሲቲው ካስገባቸው መካከል በመሆኑ፣ በሩ ላይ የቀሩትን ሊያያቸው አይችልም ነበር። በደርሃም ያደጉት ፖሊ መሪ በ1938 በቻፕል ሂል ለድኅረ ምረቃ ትምህርት አመልክተው በዘራቸው ምክንያት ተከልክለዋል፤ ዩኒቨርሲቲውን በዚያ ጊዜ ይመሩ የነበሩት አርጎናውቱ ፍራንክ ግራም ነበሩ። በግላቸው ለዘር እኩልነት የቆሙት ሰው የግዛቱን ሕግ ሊሻገሩ አልቻሉም ወይም አልደፈሩም። ፖሊ መሪ ግን ጠበቃ ሆነው፣ የአሜሪካን ግዛቶች የዘር ሕጎች በአንድ መጽሐፍ አሰባስበው በ1951 አሳተሙ፤ በ1977ም በኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ክህነት የተቀበሉ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ። ሴቶችም እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ወደ ማኅበሩ አይጠሩም ነበር፤ ቫልኪሪ የተባለ የራሳቸው የክብር ማኅበር ስለ ነበራቸው ብቻ ጉዳዩ እንደ ተዘጋ መቁጠር ለብዙ ዓመታት የቀጠለ ስሕተት ነው።

እንግዲህ የማንኛውንም የተማሪ አመራር ክብር ማኅበር ስመ ጥር አባላት የሚዘረዝር ጸሐፊ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ከሹመቱ በፊት የምርጫውን ዓመት ይጻፍ፤ የተመረጠው በተማሪነት ነው ወይስ በኋላ በክብር የሚለውን ይለይ፤ በዚያ ዓመት ለመመረጥ የሚበቁት እነማን እንደ ነበሩና እነማን እንዳልነበሩም ይግለጽ። ሦስቱ ቢሟሉ፣ የወርቃማው ፀምር መዝገብ ለማኅበሩ ኩራት ብቻ የሚያገለግል የስም ስብስብ መሆኑ ቀርቶ፣ ወጣቶች ስለ ወጣቶች የሰጡት ፍርድ የት ላይ አርቆ እንዳየና የት ላይ ዐይኑ እንደ ተጋረደ የሚመረመርበት የታሪክ ምንጭ ይሆናል። ዝርዝሩን ሳይመረምሩ መገልበጥ ግን፣ ቼምበርስን የመረጡት ሰዎች ያሳዩትን ድፍረት መሰረዝ፣ የፖሊ መሪን መከልከልም መሸፈን ነው።