ማን በደለ? በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ስለ አካል ጉዳት የሚባለውና እውነቱ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ሲወለድ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ «ምን እናግዝ?» ሳይሆን «ማን በደለ?» የሚለው ነው። አያቱ በርስት ክርክር በሐሰት ምሎ ነበር ይባላል። አለዚያም እናቱ እርጉዝ ሳለች በቀትር ወንዝ ወርዳ ተለክፋ ነው ይባላል። ወሬው በዚያ አያበቃም። ከዓመታት በኋላ የልጁ ታላቅ እህት ስትታጭ «የዘር ነገር አለባቸው» ተብሎ ሽማግሌው ይመለሳል።

ጥያቄው የቆየ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዓይነ ስውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀዋል፤ ጌታም እሱም ሆነ ወላጆቹ በድለው እንዳልሆነ መልሶላቸዋል። ደብር በየአምባው ባለበት አገር ይህ ወንጌል እየተነበበ፣ የተወገዘው ሐሳብ በእምነት ስም መኖሩ ያሳዝናል።

ደግሞም እኛው ራሳችን ከልብ አናምንበትም። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ብዙ ሰው ቆስሏል። በጥይት እግሩን ያጣ ሰው ወደ ቀዬው ሲመለስ ጎረቤት ወጥቶ ይቀበለዋል፣ መቀመጫ ይለቀቅለታል፤ ማን በድሎ ይህ እንደደረሰበት የሚጠይቅ የለም። ከልጅነቱ መራመድ ያልቻለው የጎረቤቱ ልጅ ግን ድግስ ሲኖር ጓዳ ይደበቃል። ሁለቱም መራመድ ያቃታቸው ሰዎች ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው የእኛ ፍርድ ነው።

በዚህ ደጋ ዓይን የሚያጠፋውን ነገር ቀረብ ብለን ካየነው እርግማን አናገኝም። ብዙ እናቶች ወረንጦ በክር አድርገው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ወረንጦው የዓይን ማዝ ወይም ትራኮማ ያደረሰውን ጉዳት ይናገራል። በሽታው በዝንብ፣ በእጅና በጋራ ጨርቅ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። በልጅነቱ ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይኑ ቆብ በጠባሳ ይሸበሸብና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑ በተርገበገበ ቁጥር ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቀዋል። ሴትዮዋ እየነቀለች ታስታግሳለች፤ ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል። ሕፃናቱን አቅፈው የሚውሉት እነሱ ስለሆኑም ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይጎዳሉ።

በ1998 ዓ.ም የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት 62.6 በመቶው ትራኮማ እንዳለባቸው አሳይቷል። ያው ጥናት በአገሪቱ ካሉ ዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ ዓይናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው ደግሞ በትራኮማ መሆኑን አስፍሯል። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። የተገለበጠ የዓይን ቆብ ደግሞ የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ ያቀናዋል። ወረንጦ ያላት ሴት ሳይመሽባት ሄዳ መታየት አለባት፤ የሚያደርሳት ሰው ካጣች ግን የዓይኗ ብርሃን የሚጠፋው በእኛ ቸልተኝነት ነው።

«ተጣሞ የተፈጠረ አይቃናም» የሚለውም ስሕተት ነው። ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ሕፃን ገና በሳምንታት ዕድሜው ሕክምና ከጀመረ እግሩ በየሳምንቱ በሚቀየር ጄሶ ቀስ እያለ ይቃናል። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጄሶ ይበቃል። ከዚያ ተረከዙ ላይ ያለው ጅማት በትንሹ ይለቀቅና እስከ 4 ዓመቱ ገደማ፣ በአብዛኛው ሲተኛ፣ ልዩ ጫማ ያደርጋል። ይህ ሕክምና በአገራችን ይሰጣል።

ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ግን ስለሚጥል በሽታ የምናምነው ነገር ነው። «ለሃጩ የነካው ይያዛል» ስለሚባል፣ ሰው ሲወድቅ ዙሪያውን የቆመው ወደ ኋላ ይሸሻል። መንዝ ብርድ ነው፤ ቤተሰብ የሚሰበሰበው እሳት ዳር ነው። የሚጥለው ሰው ምድጃው ላይ ሲወድቅ ለማንሣት የሚያንገራግር እጅ፣ በሽታው ብቻውን ከሚያደርሰው የባሰ ጉዳት ያመጣል። ጣታቸው በቃጠሎ ተጣብቆ የቀረ፣ ፊታቸው የተኮማተረ ሰዎች በየገበያው አሉ። ያን ጠባሳ ያመጣው እሳቱና የእኛ ፍርሃት ነው።

የሚጥል በሽታ በለሃጭ፣ በትንፋሽም ሆነ በመንካት አይተላለፍም። የአንጎል ሕመም ነው፤ በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ማጅራት ገትር ሊያስከትሉት ይችላሉ። ክብሪት ጭሮ ማሽተትም አያድነውም። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ በራሱ ስለሚቆም ነው ክብሪቱ ያቆመው የሚመስለን። የሚያስፈልገው ሌላ ነው፦ ከእሳትና ከድንጋይ ማራቅ፣ ጭንቅላቱ ሥር ጋቢ ማድረግ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ ጥርሱን ለማላቀቅ ምንም ነገር አፉ ውስጥ አለመክተት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። መድኃኒቱን በትክክል ከወሰዱ ከ10 ሕመምተኞች 7ቱ ያህል ሳይወድቁ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ለዚህም ፌኖባርቢታል የሚባለው ርካሽ ክኒን ለብዙዎች ይበቃል።

ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ ለጠበል የሚሄዱ ብዙ ናቸው፤ በእምነታቸው ላይ አንዳች ቃል የለኝም። የምቃወመው «ክኒኑን ጣለው» የሚለውን ምክር ነው። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ሊመጣ፣ ሊገድልም ይችላል። ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ክኒኑንም ይዋጥ። የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ለማሰርም ጠበል ምክንያት ሊሆን አይገባም።

«ዓይነ ስውር ተምሮ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ በተለይ የቤተ ክህነትን ትምህርት ለሚያውቅ አገር አይመጥንም። ቅኔና ዜማ በቃል ሲወርዱ ሲዋረዱ የኖሩ በመሆናቸው፣ ዓይናቸው ያላየ ሊቃውንት ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል። በዘመናችንም ወሎ ተወልዳ በ5 ዓመቷ ዓይኗን ያጣችው የትነበርሽ ንጉሤ ሕግ ተምራ፣ በፈረንጆች 2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። መስማት የተሳነው ልጅ ደግሞ «ደንቆሮ» ተብሎ በግ ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። የጎደለው አእምሮው ሳይሆን የሚግባባበት ቋንቋ ነው፤ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ የትምህርት ዘርፍ ነው።

ሥራ የመከልከሉ ነገር ደግሞ ከሐሜት አልፎ ሕግ መጣስ ነው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛን በጉዳቱ ምክንያት ከቅጥር፣ ከዕድገትና ከሥልጠና ማግለልን ይከለክላል። ውጤቱ ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ጋር እኩል ወይም የተቀራረበ ከሆነ ቅድሚያ እንዲሰጠውም ያዛል። የወረዳ መሥሪያ ቤት በደረጃ ላይ ቢሮ ሠርቶ «ማመልከቻህን አምጣ» ሲል ይህን ሊያስታውስ ይገባል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች።

ነሐሴ መጨረሻ የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲጀመር ቤት ውስጥ የቀረ ልጅ ያላችሁ ወላጆች አስመዝግቡት። ቀበሌው ቢመልሳችሁ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ጎረቤቶችም፣ ልጁ ትምህርት ቤት እስኪደርስ በየተራ አጅቡት፤ የዕድር ዳኞች ደግሞ ጉዳዩን ዕድሩ ሲሰበሰብ አንሡት።