ትምህርት ቤት በወረርሽኝ ምክንያት ሲዘጋ የተማሪዎችን መንፈስ ስለ መጠበቅ፤ ከወላይታ አካባቢ ኑሮ አንጻር

የኮሮና ቫይረስ በሽታ በኢትዮጵያ መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በተረጋገጠ በሦስተኛው ቀን በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ከ26 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ተለዩ። መጋቢት 30 ቀን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ስብሰባን ገደበ፤ በእጅ መጨባበጥን ከለከለ፤ በሰውና በሰው መካከል የሁለት እርምጃ ርቀት እንዲጠበቅ አዘዘ። በሌሎች አገሮች እንደ ተደረገው ሰው ሁሉ ከደጁ እንዳይወጣ የሚያግድ ሙሉ ክልከላ በኢትዮጵያ አልተደነገገም፤ የዕለት ጉርሱን በየዕለቱ ሠርቶ የሚያገኝ ሕዝብ ቤት ተዘግቶበት ሊኖር አይችልምና። ለተማሪው ግን መዘጋቱ ሙሉ ነበር። ከጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ እስኪከፈቱ ድረስ ከሰባት ወር ያላነሰ ጊዜ አልፏል።

ስለዚያ ጊዜ ሲነገር በአብዛኛው የሚነሣው የባከነው የትምህርት ክፍለ ጊዜና የማካካሻው ትምህርት ነው። ሕፃኑ እነዚያን ሰባት ወራት በምን መንፈስ እንዳሳለፋቸው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጥያቄው ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ወር የማርበርግ በሽታ በጂንካ ከተማ መታየቱ ተረጋግጧል፤ ጂንካ ደግሞ ወላይታ ዞን ባለበት በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የምትገኝ ከተማ ናት። ከዚያም አስቀድሞ በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» የተባለው ኢንፍሉዌንዛ በአገሪቱ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል። እንግዲህ የትምህርት ቤት መዘጋት አንድ ጊዜ ሆኖ ያለፈ ነገር ነው ብሎ ማቀድ አይቻልም።

የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ባወጣው የአእምሮ ጤና መመሪያ ውስጥ የሚገኙት ምክሮች ቀላል ናቸው። የተለመደው የዕለት ሥርዓት በተቻለ መጠን እንዲጠበቅ፣ ስለ በሽታው የሚነገረው ዜና ቀኑን ሙሉ ሳይሆን በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲሰማ፣ ሕፃናት ከወላጆቻቸው እንዳይለዩ፣ ሰው ሌላውን እንዲረዳ፣ መልካም ወሬም እንዲነገር ያሳስባል። የእነዚህ ምክሮች መሠረት በሥነ ልቡና ጥናት የታወቀ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ምሁር ፒተር ሌዊንሶን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳስረዱት፣ ሰው እርካታ የሚሰጠው ተግባር ሲቀንስበት መንፈሱ ይጫጫናል፤ መንፈሱ ሲጫጫን ደግሞ ተግባሩን ይበልጥ ይተዋል፤ አንዱ ሌላውን እየሳበ ይሄዳል። በመሆኑም በክፉ ቀን መልካሙን መፈለግ ማለት ያዘነውን ልጅ «ደስ ይበልህ» ብሎ ማዘዝ አይደለም። ጥቂትም ቢሆን የሚሠራው፣ ሠርቶም ፍሬውን የሚያየው ነገር በቀኑ ውስጥ እንዲኖር ማድረግ ነው።

በወላይታ ገጠር ይህን ለማድረግ የሚረዳው ዋናው ነገር ከቤቱ ጓሮ ይገኛል። አካባቢው ሕዝብ የበዛበት፣ መሬቱ የጠበበ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 1.5 ሚሊዮን ያህል ነበር። ቢሆንም እያንዳንዱ ቤተሰብ በቤቱ ዙሪያ እንሰት ይተክላል፤ በከብት ፍግ ያለማዋል። ገና ያልጎመራ እንሰት ተነቅሎ፣ የሥሩ እምብርት ወጥቶ መሬት ውስጥ ሲቀበር፣ ከወራት በኋላ ከአንዱ ሥር በርካታ ችግኝ ይበቅላል። ችግኙ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ ለቆጮና ለቡላ የሚደርሰው ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። በዕድሜ ተራ የቆመው ይህ ተክል ለልጁ የሒሳብ መጽሐፍ ሊሆነው ይችላል። ከአንድ ሥር ስንት ችግኝ ወጣ? ስንቱ ጸደቀ? በዓመት አንድ ተክል ለምግብ ቢቆረጥ ጓሮው ስንት ዓመት ይበቃል? አረካ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በእንሰት ላይ የሚመራመረውን ያህል የመንደሩ ልጅ ባይመራመርም፣ ቆጥሮ መመዝገብና መለካት ግን ይችላል። እንዲህ ያለው ሥራ ትምህርትም ነው፤ ቀኑም ቅርጽ እንዲኖረው ያደርጋል። በሶዶ ከተማ በአንዲት የኪራይ ክፍል ለሚኖር ቤተሰብ ልጅ ግን ጓሮ የለውም። የከተማና የገጠር ትምህርት ቤቶችን በአንድ ሰርኩላር ማዘዝ የማያዋጣው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልጁ ወላጆቹን እየረዳ ነው የሚባለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ትምህርት ቤት የተዘጋው በበልግ ወቅት፣ በብዙ ቤት ጎተራ በሚሟጠጥበት ጊዜ ነበር። ከወላይታ ወደ አዲስ አበባ ሄደው በሊስትሮነትና በልዩ ልዩ ጥቃቅን ሥራ የሚተዳደሩ ሕፃናት ቁጥር ከዚያ አስቀድሞም ብዙ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በየጠዋቱ ስም የሚጠራ መምህር በሌለበት ጊዜ ልጅን ከመሄድ የሚያግደው ነገር ይቀንሳል። ለሴት ልጅ ደግሞ ውሃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙና ሕፃን ማዘሉ ቀኑን ሙሉ የሚይዝ ይሆናል። አንድ ሰዓት እንሰት መኮትኮት መንፈስን ያድሳል፤ ከንጋት እስከ ምሽት መሥራት ግን ያደክማል እንጂ አያድስም። መምህሩ «ልጁ ሥራ አለው ወይ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ከሥራው ተርፎ የሚጫወትበት ሰዓት አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

በሬዲዮና በቴሌቪዥን የተሰጠው ትምህርት የደረሰው መሣሪያው ላለው ቤት ነው። መሣሪያው በሌለበት ቤት ግን ሰው አለ። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ስለ ነበር፣ በዚያን ጊዜ ፊደል የቆጠሩ ወጣቶች ዛሬ አያቶች ሆነዋል። ወላይትኛ በታችኞቹ ክፍሎች የማስተማሪያ ቋንቋ በመሆኑ የማያነቡት አያት እንኳ የልጁን ትምህርት ሰምተው ሊያርሙ፣ ተረት ነግረው መልሶ እንዲተርክላቸው ሊጠይቁ ይችላሉ። ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ለታናሽ ሲያነብ የሚጠቀመው ታናሹ ብቻ አይደለም፤ ለሰው መጥቀሙን ያወቀ ወጣት ከተስፋ መቁረጥ ይጠበቃል።

ከሁሉ የከበደው የሐዘን ነገር ነበር። በወላይታም እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ለቅሶ የብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው፣ የሩቅ ዘመዱ ሁሉ መጥቶ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል። ስብሰባ ሲገደብ ይህ መጽናኛ ተቋረጠ። ትልልቆቹ ያላለቀሱትን ሐዘን ይዘው ሲውሉ ሕፃኑ ምክንያቱን ሳይረዳ የቤቱን ዝምታ ይካፈላል፤ አንዳንዱም ጥፋቱ የእርሱ ይመስለዋል። ስለ ሞት ለልጅ በዕድሜው መጠን እውነቱን መንገር፣ የሟቹን ስም በቤት ውስጥ ማንሣት፣ ልጁ ሥዕል እንዲሥል ወይም ጥቂት መስመር እንዲጽፍ ማድረግ ይበጃል። ነገሩ ከዚህ ያለፈ ሲሆን፣ ማለትም ልጁ እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ ከጓደኞቹ ፈጽሞ ከራቀ ወይም ሞትን እንደሚመኝ ከተናገረ፣ መምህሩ በምክር ብቻ ሳይወሰን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወሰድ ማድረግ አለበት።

የመምህሩም መንፈስ መታሰብ ይገባዋል። ከተማሪዎቹ የተለየ መምህር ደመወዙ ባይቋረጥ እንኳ የዕለት ዓላማው ይጎድልበታል። ለእያንዳንዱ መምህር በቀበሌው የሚኖሩ 10 ወይም 15 ተማሪዎች ተመድበውለት፣ የጤና መመሪያው በሚፈቅደው መጠን በሳምንት አንድ ጊዜ ከደጃፍ ሆኖ ቢጠይቃቸው፣ ልጁም መምህሩም ይጽናናሉ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አስቀድሞ የተዘጋጀ መዝገብ ነው፤ የተማሪው መኖሪያ፣ የአሳዳጊው ስም፣ ሬዲዮና ስልክ መኖር አለመኖሩ፣ በቤቱ የሚያነብ ሰው መኖሩ። መዝገቡ በደኅናው ጊዜ፣ በመስከረም ወር ምዝገባ ላይ መሞላት አለበት፤ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ማን እንዲሞላው ይጠበቃል?

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ደግሞ የመጀመሪያው ሳምንት የፈተና ሳምንት ባይሆን ይመረጣል። በዚያ ሳምንት ስም ይጠራል፤ ያልመጣው ልጅ የት እንዳለ ይጠየቃል፤ ከአካባቢው የሄደ ካለ አድራሻው ከቤተሰቡ ይፈለጋል፤ የመጡትም በጓሮና በቤት ያሳለፉትን ይተርካሉ፤ የቆጠሩትን ችግኝ ብዛት በሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ።