አብዱረህማን፦ የማን ባሪያ?



በየሰፈራችን «አብዱ!» የሚል ጥሪ የማንሰማበት ቀን የለም። ለአፍ ቀላል፣ ለጆሮም የለመደ ነው። ይሁን እንጂ «አብድ» በዐረብኛ ባሪያ፣ አገልጋይ ማለት ነው። እንግዲህ «አብዱ» ብለን ስናበቃ «የማን ባሪያ?» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። መልሱ ያለው በቆረጥነው ክፍል ውስጥ ነው፤ አብዱረህማን፣ ማለትም የአዛኙ ጌታ ባሪያ።

አላህ ዘንድ ከስሞች ሁሉ ይበልጥ ተወዳጆቹ አብዱላህና አብዱረህማን መሆናቸውን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንደነገሩን ኢማሙ ሙስሊም ዘግበዋል። ታላቁ ሰሐባ አብዱረህማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ከመስለማቸው በፊት በሌላ ስም ይጠሩ ነበር፤ ይህን ስም ያወጡላቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። እኚሁ ሰሐባ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ615 ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች አንዱ ናቸው። ስለዚህ ስሙ አገራችንን የረገጠው ገና በኢስላም ማለዳ ነው።

ከማሳጠሩ የባሰው ግን መክፈሉ ነው። ብዙዎቻችን «አብዱ ረህማን» ብለን ለያይተን እንጽፋለን። በአገራችን ከስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም በመሆኑ መዝጋቢው «ረህማን»ን የአባት ስም ቢያደርገው አይፈረድበትም። ልጁም በትምህርት ማስረጃው አንድ፣ በፓስፖርቱ ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። ከዚህ ሁሉ በላይ አረህማን ለአላህ ብቻ የተገባ ስም ነው፤ ለፍጡር አይሰጥም።

አያቶቻችን «አብዱዬ» ሲሉ በፍቅር ነው፤ እነሱን ልንወቅስ አልተነሳንም። ነገር ግን ወላጆች ሆይ! ስሙን በአንድ ቃልና በአንድ ዓይነት አጻጻፍ እናስመዝግብ። ቤት ውስጥም ሙሉውን እንጥራው፤ ትርጉሙንም ለልጁ እንንገረው።

እናንተም ወጣቶች! ሱረቱል ፉርቃን በአንቀጽ 63 የአረህማንን ባሮች ሲገልጽ በምድር ላይ በትሕትና የሚሄዱ፣ መሃይማን ሲናገሯቸው በሰላም የሚመልሱ መሆናቸውን ይነግረናል። አብዱረህማን እየተባለ ደካማን የሚያንገላታ፣ እናቱን የሚያመናጭቅ ቢኖር ከጎረቤቶቹ ይበልጥ ስሙን የቆረጠው እርሱ ራሱ ነው።

አላህ ስማችንንም ሥራችንንም ያሳምርልን። አሚን!