ሃይማኖትና ሳይንስ በ«ዴርቶጋዳ»

በተማሪዎች መካከል አንድ ክርክር ዘወትር ይነሣል። አንዱ ወገን ሃይማኖት ለሳይንስ እንቅፋት ነው ይላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ ሳይንስ ወደ ክሕደት ይወስዳል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ጉዳይ የሚያሳስበን አንድ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ አለ፤ ይኸውም በ2001 ዓ.ም. የታተመው «ዴርቶጋዳ» ነው።

ደራሲው ይስማዕከ ወርቁ የምሥራቅ ጎጃም፣ የቁይ ተወላጅ ነው። ታሪኩ በጣና ገዳማትና በአሜሪካ የጠፈር ምርምር መካከል ይመላለሳል። ከባለ ታሪኮቹ አንዱ፣ ኢንጂኒየር ሻጊዝ እጅጉ፣ የጠፈር ሳይንስ ሊቅ ሲሆን፣ በዚሁ ሙያ ታውቀው በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ ያረፉትን ኢንጂኒየር ቅጣው እጅጉን በስሙ ያስታውሰናል።

እንግዲህ በዚህ መጽሐፍ ጠቡ በመስቀልና በሮኬት መካከል ነውን? እኛ እንደምናየው አይደለም። ገዳሙና ሊቁ በአንድ ወገን ቆመዋል፤ ባላጋራቸው የሰውን ዕውቀት ነጥቆ ለራሱ ኃይል መጨመሪያ ሊያደርግ የሚያደባው ነው። ደግና ክፉ የሚለዩት ዕውቀቱ በሚውልበት ዓላማ ነው ማለት ነው።

ሃይማኖትና ስሌት አብረው መኖራቸው ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው በዓላትን በሒሳብ ያወጣል። መጽሐፉ የወጣበትን ዓመት እንውሰድ። 5500 ከ2001 ጋር ሲደመር 7501 ይሆናል፤ ይህ ለ19 ሲካፈል 15 ይተርፋል፤ ከዚህ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 14 ነው። 14 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 4፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዑ 26 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ዘወትር 30 ስለሚሆኑ፣ ስሌቱ ቢሳሳት ወዲያው ይታወቃል። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን መዋሉ የተገኘው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ይህን የሚያስተምሩ መሪጌታ ለእምነታቸው ብለው ቁጥሩን አያዛቡም፤ ስለ ቁጥሩም ብለው እምነታቸውን አይጥሉም።

ሆኖም በመጽሐፉ ላይ አንድ አስተያየት አለን። የዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ጠባይ ሆኖ፣ ክፋትን ከውጭ በሚመጣ ሰላይ፣ ጥበብንም በስውር ቦታ ማኖር ይወዳል። ይህም ንባቡን ያጣፍጠዋል። ነገር ግን አንባቢው፣ ጠላት ከውጭ ነው፤ ጥበባችንም ተሰውሮ ይጠብቀናል ብሎ እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ ያሠጋል። ሳይማር ዲፕሎማ ለመቀበል የሚፈልግ ተማሪ፣ የተማረውንም ለወገኑ ማካፈል የሚነፍግ ምሁር፣ ያለ አንዳች ሰላይ አገሩን ይጐዳል። የባሕረ ሐሳብ መምህራንም ቤታቸው የተሰወረ አይደለም፤ ጠያቂ ግን እያነሰ ነው።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደ ቁይ፣ ወደ ቢቸና ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ የምንሄድ ተማሪዎች፣ ልብ ወለዱን አንብበን ስንጨርስ ደብተርና እርሳስ ይዘን ከአንድ መምህር ዘንድ እንቅረብ። የመጪውን ዓመት ፋሲካ ራሳችን አስልተን እንመለስ።