«ሥር»፣ «ደም ሥር» እና «ደም መልስ»፦ «ቫሪክስ» ለተባለው የሕክምና ቃል አቻ ስለ መምረጥ

በሕክምና ቋንቋ «ቫሪክስ» የሚባለው ከመጠን በላይ ሰፍቶና ተጠማዝዞ የሚታይ ደም መላሽ ሥር ነው። ብዙውን ጊዜ የሚከሠተው በእግር ላይ ሲሆን፣ በሀገራችን በአብዛኛው «ቫሪኮስ ቬይን» በሚለው የእንግሊዝኛ ስሙ ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ የቃሉን ፍችና ምንጭ ካብራራን በኋላ፣ ሊኖረው ስለሚገባው የአማርኛ አቻ አስተያየታችንን እናቀርባለን።

ፍች፦ ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም የሚጓዘው ሽቅብ ነው። ቁልቁል እንዳይመለስ የሚያግዱት በሥሩ ውስጥ ያሉ ትናንሽ ክዳኖች ናቸው። ክዳኖቹ ሲደክሙ ደሙ ይጠራቀማል፤ ሥሩም ተለጥጦ ይጠማዘዛል። ለዚህም የቤተ ሰብ ውርስ፣ እርግዝና፣ የዕድሜ መግፋትና ለረዥም ሰዓት መቆም አስተዋጽኦ አላቸው።

ምንጭ፦ ቃሉ ላቲን ነው። በአንደኛው ምዕተ ዓመት የነበረው ሮማዊው የሕክምና ጸሐፊ ኬልሱስ ይህን ሕመም በመተኮስ ወይም ሥሩን ቆርጦ በማውጣት ማከም እንደሚቻል ጽፏል። ከስሙ «ቫሪኮሱስ» የሚል ቅጽል ወጥቷል፤ የእንግሊዝኛው «ቫሪኮስ» የመጣውም ከዚሁ ነው። ዐረቦች ግን ሕመሙን «ደዋሊ» ይሉታል፤ የ«ዳሊያ»፣ ማለትም የወይን ሐረግ፣ ብዙ ቁጥር ነው። ስያሜው ከመጠማዘዙ የተወሰደ ነው።

ወደ አማርኛ ስንመለስ መሠረቱ «ሥር» የሚለው ቃል ነው። የግእዙ «ሥርው» የዛፍን ሥር፣ ጅማትንና ነርቭን ያመለክታል። የዐረብኛው «ዒርቅ»ም እንዲሁ የዛፍ ሥርና የደም ሥር ማለት ነው። ስለዚህ የፍቹ ስፋት የአማርኛ ጉድለት አይደለም። በዕለት ተዕለት ንግግርም አያሳስትም፤ በሐኪም ፊት ግን ሊያሳስት ይችላል።

ለዚህ በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው፣ በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተውና በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀው አለርት ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል። የሥጋ ደዌ ተሐዋስ ነርቭን ያጠቃል። በክርን፣ በጉልበትና በቁርጭምጭሚት አካባቢ የሚዳሰስ የነርቭ መወፈር ከበሽታው ዋና ምልክቶች አንዱ ነው። እንግዲህ አንድ ሕመምተኛ «የእግሬ ሥር አብጧል» ቢል፣ ያበጠው ነርቭ ነው ወይስ ደም መላሽ? የመጀመሪያው በጊዜ ካልታከመ ስሜትን ያደነዝዛል፣ አካልንም ያሰናክላል፤ የሁለተኛው ሕክምና ፈጽሞ ሌላ ነው።

ሊቀርቡ የሚችሉትን አቻዎች በዚህ መመዘኛ እንመልከት።

ሀ) «የሥር እብጠት»፦ ከላይ በተገለጸው ምክንያት ነርቭንና ደም መላሽን አይለይም።

ለ) «የእግር እብጠት»፦ ዝሆኔን፣ እንዲሁም ከልብና ከኩላሊት ሕመም የሚመጣውን እብጠት ጭምር ያጠቃልላል።

ሐ) «የደም ሥር ማበጥ»፦ ከሁለቱ የተሻለ ነው። ነገር ግን «ደም ሥር» ደምን ከልብ የሚያወጣውንም ይጨምራል፤ የዚያኛው መስፋት ደግሞ ራሱን የቻለ አደገኛ በሽታ ነው።

መ) «የደም መልስ መገታተር»፦ እኛ የምንመርጠው ይህን ነው። «ደም ቅዳ» ደምን ከልብ ለሚያወጣው፣ «ደም መልስ» ወደ ልብ ለሚመልሰው ሥር የተሰጡ ስያሜዎች ናቸው። «ተገታተረ» የሚለውን ግስ ደግሞ ሕዝቡ በቁጣ ጊዜ የአንገት ደም ሥር ጎልቶ መውጣቱን ሲገልጽ ይጠቀምበታል። የግሱ ድግግም መልክ ነገሩ በአንድ ስፍራ ብቻ ሳይሆን እዚህም እዚያም መታየቱን ያመለክታል። በቁጣ የተገተረው ቁጣው ሲበርድ ይመለሳል፤ በሽታው ግን ይቆያል። ይህን ልዩነት በመዝገበ ቃላቱ ፍች ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል።

ሕመምተኛው ከአባቶቹ የወረሰውን «ሥር» የሚለውን ቃል እንዲተው አንጠይቀውም። በሕክምና ካርድ፣ በማስተማሪያ መጽሐፍና በመድኃኒት መግለጫ ላይ የሚጻፈው ቃል ግን የትኛው ሥር እንደታመመ ለይቶ መናገር ይኖርበታል።